ከጎዘ እስከ ጠላ፦ የአንድ ቅዳሜ መንገድ እና የአንድ ካርቶን አደራ

(በተመራቂዎች ማኅበር የእራት ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



አስተባባሪዎቹ የነገሩኝ አጭር ነው፤ “ሃያ ደቂቃ አለሽ፤ ሰው እራት ላይ ስለሆነ ሳይንስ አታምጪብን” ነው ያሉኝ። ስለዚህ ስላይድ የለኝም። የማወራችሁ ስለ ቢራ ነው። ከኋላ ያላችሁት አሁን ነው ቀና ያላችሁት፤ አይቻለሁ!

እኔ የምሠራው ጀርመን አገር፣ ላይፕዚግ ከተማ ነው፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ላይፕዚግ ስል ከፊት ረድፍ ያሉት መምህሮቻችን ፈገግ አሉ። ለወጣቶቹ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ይህ ቤት በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒተሪያን ነበር የሚያሠለጥነው። የሕክምና ዶክተር ማስተማር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 ሲሆን ያኔ አብሮት የቆመው በምሥራቅ ጀርመን የነበረው የላይፕዚጉ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ካርል ማርክስ የሚለው ስም በ1991 ቀርቶ ዛሬ በድሮ ስሙ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ይባላል። (የጀርመኑን ነገር ስናገር የምጠራው ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው።) የእኔ ባች ጎንደር ስትገባ ጀርመኖቹ ከሄዱ ዓመታት አልፈው ነበር። እኛን ያስተማሩን እነሱ ያስተማሯቸው ናቸው። ስለዚህ ላይፕዚግ ለእኔ የሥራ ቦታ ብቻ ሳትሆን የአያት አገር ናት፤ የእውቀት አያት።

እዚያ አካባቢ የምንኖር የዚህ ግቢ ልጆች በዓመት አንድ ቀን አለን፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ያለችው የመጀመሪያዋ ቅዳሜ። በዚያች ቀን ዱቲ የለም፣ ስልክ የለም፣ “ይህን ኢሲጂ እየው እስቲ” የለም። ባለፈው መስከረም የወጣነው ሦስት ነበርን። አንደኛው ሃሌ ከተማ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም ነው። ሁለተኛዋ ከኬምኒትስ በባቡር የመጣችው የማደንዘዣ ሐኪማችን ናት። ሦስተኛዋ እኔ። ፕሮግራሙን ያወጣችው የማደንዘዣ ሐኪሟ ስለሆነች የቀረ ነገር የለም፤ በወረቀት አትማ፣ ሰዓት በሰዓት። ጠዋት ባድ ኮስትሪትስ፣ ጥቁር ቢራ የሚጠመቅበት ፋብሪካ። ምሳ ዬና፣ እዚያ ያለች ጓደኛችን ቤት። ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ላይፕዚግ፣ አንድ ትልቅ ሰው ጥየቃ። ማታ ጎዘ ቤት። መንገዱ ደርሶ መልስ ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል።

ከሁሉ በፊት የተወሰነው ግን ማን ይነዳል የሚለው ነው። በጀርመን ሕግ በአንድ ኪሎ ግራም ደም ውስጥ 0.5 ግራም አልኮል የተገኘበት ሾፌር ይቀጣል፤ ከ0.3 ጀምሮም አነዳዱ ከተበላሸ ወይም አደጋ ካደረሰ ይጠየቃል። ሦስታችንም የመኪና አደጋ ሌሊት ሲመጣ የምንነሳ ሰዎች ነንና ክርክር አልነበረም። “እኔ እነዳለሁ” አለ ቀዶ ሐኪሙ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ።

ባድ ኮስትሪትስ ትንሽ ከተማ ናት። ነጭ ኤልስተር የሚባለው ወንዝ በእሷ በኩል አልፎ ወደ ላይፕዚግ ይወርዳል። ከተማዋ በሦስት ነገር ትታወቃለች፤ በ1585 እዚያ በተወለደው የሙዚቃ ደራሲ በሃይንሪሽ ሹትስ፣ ዳሊያ በሚባለው አበባዋ እና በጥቁር ቢራዋ። መስከረም ላይ ዳሊያው ፈክቶ ነበር፤ የእኛ አደይ አበባ ትዝ አለችን። የቢራ ቤቱ ስም በጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በ1543 ነው። አስጎብኚያችን ይህን ሲነግረን ቀዶ ሐኪሙ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ “የወይና ደጋው ጦርነት ዓመት” አለኝ። እውነቱን ነው፤ በጣና ምሥራቅ አፄ ገላውዴዎስና ኢማም አህመድ የተገናኙበት ዓመት ነው።

ፋብሪካ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። እኔ ዓይኔን ብጨፍን ኖሮ የእናቴ ጓዳ ነኝ እል ነበር። የሚሸተው ብቅል ነው። ገብስ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል። ቢራውን ጥቁር የሚያደርገው ከብቅሉ ከፊሉ እንደ ቡና መቆላቱ ነው፤ እኛ አሻሮ የምንለው ዓይነት ነገር። ከዚያ በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፣ ስኳሩ ይወጣል፣ ሆፕ የሚባለው መራራ አበባ ገብቶ ይፈላል፤ የእነሱ ጌሾ በሉት። ከቀዘቀዘ በኋላ እርሾ ይጨመርና ሥራው የእርሾው ይሆናል። አስጎብኚው የ1516ቱን የባቫሪያ ሕግ ነገረን፤ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ብቻ ይሠራል ይላል። “እርሾስ?” አለች የማደንዘዣ ሐኪሟ። ሰውየው ሳቀ፤ በዚያ ዘመን እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን የሚያውቅ አልነበረም። ሕጉ የማያውቀውን አልጻፈም። እናቶቻችን ግን የሚያፈላው ነገር ከአሮጌው ወደ አዲሱ እንደሚሻገር በእጃቸው ያውቁት ነበር።

ገጣሚው ጎተ ታሞ ምግብ አልወርድ ሲለው በዚህ ጥቁር ቢራ ነው የሰነበተው ይባላል። እንደ ውስጥ ደዌ ሐኪምነቴ ይህን ሕክምና ለማንም አላዝዝም። ቅምሻው ላይ ግን ተገኝቻለሁ። ጥቁር መሆኑን አይታችሁ ከባድ እንዳይመስላችሁ፤ ቀላል ነው፣ መጨረሻው ላይ የቡናና የቸኮሌት ነገር አለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ለሾፌራችን አልኮል የሌለው ቀረበለት። በአገራችን ደንብ ቢሆን “በሞቴ!”፣ “አንዲት ብቻ!” እንል ነበር። ማናችንም አላልንም። እሱ ከጠጣ አራት ዓመት አልፎታል። ለምን እንደተወው ለእኛ ነግሮናል፤ የእሱ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አላወራውም። ግን በየድግሱ በሞቴ የምንላቸው ሰዎች መሃል ስንቱ በጭንቅ ፈገግ እያለ ይሆን? ጉበት የምናይ ሰዎች በማዕድ ላይ ልመናውን ብንቀንስ ከብዙ ስብከት ይሻላል። ደግሞም የዚያን ቀን ከሁላችን በላይ የሳቀው እሱ ነው።

ዬና የደረስነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው። ዬናን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ፤ አይታችኋታልም፣ ብቻ በአንድ ዓይን ነው ያያችኋት። ካርል ዛይስ በ1846 የመነጽርና የማይክሮስኮፕ ሥራውን የጀመረው እዚያ ነው። በተማሪነታችን ላብራቶሪ ውስጥ “ካርል ዛይስ ዬና” የሚል የተቀረጸባቸው አሮጌ ማይክሮስኮፖች ነበሩ። እኔ የመጀመሪያዬን የወባ ጥገኛ ያየሁት በአንዱ ነው። ያኔ “ዬና” የሰው ስም ነበር የሚመስለኝ።

ጓደኛችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። ደረጃው ላይ ሳለን የዶሮው ሽታ ተቀበለን። ጤፉ እዚያው አውሮፓ የተመረተ ነው፣ እንጀራው ዓይናማ ነው፣ በርበሬው ግን ከቤት የመጣ። ከምሳው በኋላ “ሦስተኛውን ፋብሪካ ልጎብኛችሁ?” አለች። “ሁለተኛው ገና ማታ ነው” አለች የፕሮግራሙ ባለቤት። መታጠቢያ ቤት ወሰደችን፤ ከልብስ ማጠቢያው ጎን፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሃያ ሊትር የሚይዝ ባልዲ። ጠላ! ጌሾውን እህቷ ልካላታለች። ጋን የለም፣ በወይራ ማጠንም የለም፤ ወይራ ብታጨስ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣባታል። ግን ጥንስሱ፣ እንኩሮው፣ ድፍድፉ በሥርዓቱ ነው። ስትቀዳልን ዝም አልን። የጎንደር ጠላ ነው።

እንዴት እንደተማረችው ጠየቅናት። ጀርመን በመጣች በሁለተኛው ዓመት፣ ለጥምቀት፣ እናቷን በስልክ እያስጠናች ነው። “እማዬ፣ ጌሾው ስንት ግራም?” ስትል “እፍኝ ነዋ!” ትባላለች። “እንኩሮው ስንት ደቂቃ?” ስትል “ሲሸትሽ ታውቂው የለ!” ትባላለች። ሦስት ዓመት ሙሉ እየተበላሸባት፣ እየደወለች፣ እየጻፈች። አሁን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ፤ በግራም፣ በሰዓት፣ በዲግሪ። የሐኪም እጅ ጽሑፍ ስለሆነ አናነበውም እንጂ። እናቷ ያረፉት አምና ነው። “እሷ ሳለች ባልጽፈው ኖሮ ይሄኔ የለም ነበር” አለች። ይህን ያለችው ብርጭቆ እያጠበች ነው፤ ወሬውም ወደ ሌላ ሄደ። እኔ ጋ ግን ቀረ። የቀረውን የምነግራችሁ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ላይፕዚግ ተመለስን። ጥየቃ የሄድንባቸው ሴት ጡረታ የወጡ የሕፃናት ሐኪም ናቸው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው። በሰማንያዎቹ ዓመታት እዚህ ጎንደር የሕፃናት ክፍል ሠርተዋል። መምህሮቻችሁን ካስተማሩት አንዷ ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል፤ “እኔን አታሞግሺ፣ ሥራ አለሽ” ነው ያሉኝ። ሥራው ምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትሰማላችሁ።

በሩን ከፍተው በአማርኛ ተቀበሉን። አማርኛቸው ግን የዋርድ አማርኛ ነው። አርባ ዓመት ሊሆነው ትንሽ የቀረው፣ ከራውንድ ውጪ ያልተፈተነ አማርኛ! ሾፌራችንን እጁን ጨብጠው “እንደምን ዋልሽ? ጡት ይጠባል? ያስመልሰዋል?” አሉት። በጣም ሳቅን፤ እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ቀጠሉ፤ “ስንት ቀኑ ነው? ተቅማጥ አለው? ዓይኑ ጎድጉዷል?” ሌላው ቋንቋ ሄዶ ይኸው ቀርቷል። ትንሽ ቆይተን ስናስበው ሳቁ ቀነሰ። የ77ቱን ድርቅ ጎንደር ሆነው ያሳለፉ የሕፃናት ሐኪም ከአማርኛ ምን ሊቀርላቸው ኖሯል?

ቡና አፈሉልን። ከዚያ ከመኝታ ቤት አንድ ካርቶን እንድናወጣ ነገሩን። ውስጡ ፎቶ ነው፤ ብዙው ጥቁርና ነጭ፣ የተወሰነው ስላይድ። አራት የማስታወሻ ደብተር። በእጅ የተሳለ፣ የሕፃን ክብደት እያየ የፈሳሽ መጠን የሚነግር ሠንጠረዥ፤ ከላይ በጀርመንኛ፣ ከታች በሌላ ሰው ጽሑፍ በአማርኛ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ከሕንፃው ፊት ቆመው የተነሱት ፎቶ። ከመሃላቸው አንዱን ወዲያው አወቅነው፤ በፈተና ያንቀጠቀጠን መምህራችን ነው፣ ያውም አፍሮ ጎፈሬ አበጥሮ! ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ስላለ ከዚህ በላይ አልልም።

የማደንዘዣ ሐኪማችን በደስታ ስልኳን አወጣች፤ አንሥታ ለባቻችን ቴሌግራም ልትልክ። ሾፌራችን እጁን ፎቶው ላይ አደረገ። “ቆይ” አለ። ቀጣዩ ፎቶ የታመሙ ልጆች ፎቶ ነበር። አልጋ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እናቶቻቸው ከሥር መሬት ላይ ተቀምጠው። ደብተሩን ገለጥነው፤ የልጆቹ ስም፣ የመጡበት ቀበሌ፣ ክብደታቸው፣ ውጤቱ። ብዙዎቹ ጋ ትንሽ መስቀል አለ።

እዚህ ላይ ክርክር ተነሳ፤ ክርክሩንም ሳልቀንስ ላቅርበው። እሷ “ይህ ታሪካችን ነው፤ ካልወጣ ይጠፋል” አለች። እሱ “ከእነዚህ ልጆች የዳኑት ዛሬ የአርባ ዓመት ሰዎች ናቸው፤ ምናልባትም ልጆቻቸው ቴሌግራም ላይ ናቸው። ማን ፈቀደልን?” አለ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አሮጊቷ ሐኪም ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ “ለዚህ ነው ለማንም ያልሰጠሁት። ልጆቼ ደግሞ እኔ ስሞት ይጥሉታል፤ አማርኛውንም አያነቡትም፣ ፎቶውንም አያውቁትም” አሉ። የእሳቸው ሥራ ባልደረቦች ብዙዎቹ አርፈዋል። የእነሱስ ካርቶን የት ሄደ?

ከዚያ አንድ ፎቶ ለብቻው አወጡ። አምስት ነርሶች፣ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ የሕፃናት ክፍል በር ላይ። “እነዚህ ናቸው ያስተማሩኝ” አሉ። “እኔ መጽሐፉን አውቅ ነበር። እናትየዋን ምን ብዬ እንደምጠይቅ፣ ልጁ ውሃ እንዳይሰጠው የከለከለው ማን እንደሆነ፣ ማን አያት እንደሆነና ማን እንደሚወስን የነገሩኝ እነሱ ናቸው። ያንን ሠንጠረዥ በአማርኛ የጻፈችው ይቺ ናት።” ጣታቸውን ከግራ ሁለተኛዋ ላይ አደረጉ። ስሟን ጠየቅናቸው። ረጅም ጊዜ አሰቡ። ጀርመናዊ ሰው ሲያለቅስ ብዙ አላየሁም። ስሟ ጠፋባቸው።

ማታ ጎዘ ቤት ስንሄድ ይዘናቸው ሄድን። “እኔም ፕሮግራም ውስጥ አለሁ?” አሉ፤ የፕሮግራሙ ባለቤት ብዕር አውጥታ ወረቀቱ ላይ ጻፈቻቸው። ጎማ ያለውን መደገፊያቸውን መኪናው ኋላ ጭነን ባየሪሸር ባንሆፍ ደረስን። ይህ በ1842 የተከፈተ የባቡር ጣቢያ ነው፤ ከ2000 ጀምሮ ከፊሉ ቢራ የሚጠመቅበት ምግብ ቤት ሆኗል። የመዳቡ ማፍያ ከጠረጴዛችሁ ይታያል። የአሳማው ምግብ ብዙ ነው፤ እኛ የድንች ዳቦሎና የበሬ ሥጋ አዘዝን።

ጎዘ ምንድነው? በስንዴና በገብስ ብቅል የሚሠራ፣ ጎምዘዝ ያለ ቢራ ነው። ድንብላልና ጨው ይገባበታል! ጉምዛዙን የሚያመጣው ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ የእርጎአችን ዘመዶች። ያ ገብስ፣ ሆፕና ውሃ ብቻ የሚለው ደንብ እንኳ ለጎዘ በር ከፍቶለታል፤ የአካባቢው ነባር መጠጥ ነው ተብሎ። የመጣው ከጎስላር ከተማ ነው፣ ስሙም በዚያ ካለው ወንዝ ነው፤ ላይፕዚግ ግን እንደ ራሷ ልጅ አሳደገችው።

አሁን ዋናው ነገር። ይህ የላይፕዚግ መለያ የሆነ መጠጥ አንድ ጊዜ ሞቶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጠማቂዎቹ እየተዘጉ መጥተው መጨረሻ ላይ የቀረው አንድ ትንሽ ጠማቂ ቤት ነው። በ1966 እሱም ተዘጋ። ከተማው ውስጥ ሃያ ዓመት ያህል ጎዘ የለም። ከዚያ በሰማንያዎቹ ዓመታት ሎታር ጎልድሃን የሚባል ሰው አንድ አሮጌ የጎዘ ቤት ሊያድስ ተነሳ። መጠጡን የሚያውቅ ጠማቂ ግን የለም። ምን አደረገ? ጎዘ ይጠጡ የነበሩ ሽማግሌዎችን እየፈለገ ጠየቀ፤ መልኩ ምን ነበር፣ ጣዕሙ ምን ነበር። የድሮው ጠማቂ ቤት ጡረተኛ ሠራተኛም ተገኘ፤ አሠራሩን ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ ጽፎት ኖሯል። በዚያ ደብተርና በሽማግሌዎቹ ምላስ ጎዘ በ1986 እንደገና ገበያ ወጣ። ዛሬ ከላይፕዚግ አልፎ አሜሪካ ድረስ ይጠመቃል።

አስቡት! ልዩነቱ አንድ ደብተርና ጥቂት በሕይወት ያሉ ሰዎች ነበሩ። አሥር ዓመት ዘግይቶ ቢሆን ምናልባት ደብተሩም ሽማግሌዎቹም አይገኙም ነበር።

አሮጊቷ ሐኪም ጎዛቸውን በእንጆሪ ሽሮፕ ነው የጠጡት፤ እንደ ወጣትነታቸው። ሁለት ጊዜ ከጎነጩ በኋላ “ነርሷ ቤቷ ጠርታኝ ጠላ አጠጥታኛለች። እንደዚህ ይጎመዝዝ ነበር” አሉ። ከዬና ትንሽ ጠላ በጠርሙስ ይዘን ስለነበር መኪናው ጋ ስንደርስ አቀመስናቸው። ቆመው፣ መደገፊያቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱት። ስሟ ግን አልመጣላቸውም። ጠላ ሁሉን ነገር አያደርግም።

ውድ ጓደኞቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ካርቶኑ አሁን እኔ ጋ ነው። በአደራ ነው የተቀበልኩት፤ በማኅበራችን በኩል ለዚህ ቤት እንዲደርስ። ያሰብነውን ልንገራችሁና ፋኩልቲው ይፍረድ።

አንደኛ፣ የሕሙማን ስም ያለባቸው ደብተሮችና የልጆቹ ፎቶዎች ታሽገዋል። ለዓመት መጽሐፋችንም፣ ለቴሌግራምም አይወጡም። የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍትና የሥነ ምግባር ኮሚቴው ተነጋግረው ማን፣ ለምን፣ በምን ሁኔታ ሊያያቸው እንደሚችል ከወሰኑ እንሰጣለን። እነዚያ ልጆች ሕመምተኞቻችን ናቸው፤ አርባ ዓመት ምስጢርን አያፈርስም።

ሁለተኛ፣ በላይፕዚግ አካባቢ በሕይወት ያሉትን የዚያ ዘመን መምህራን ዝርዝር ጀምረናል። በየተራ ሄደን ድምፃቸውን እንቀዳለን። እናንተ ደግሞ እዚህ ያሉትን ጠይቁልን። ፕሮፌሰሮቹን ብቻ አይደለም፤ ጡረታ የወጡ ነርሶችን፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎችን፣ ካርድ ክፍል የነበሩትን፣ ዘበኞቹን። ጀርመኖቹ የጻፉት በደብተር ስለሆነ ቢያንስ ካርቶን አለው። የእኛዎቹ ያወቁት አብዛኛው በእጃቸውና በአንደበታቸው ነው ያለው፤ “እፍኝ ነዋ” እንዳሉት እናት። እሱ ካርቶን የለውም።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ትኩሳት ያለበትን ልጅ እናት እንዴት አድርጋችሁ እንደምታናግሩ፣ ላብራቶሪ በማይኖርበት ሌሊት በምን እንደምትወስኑ፣ ለተማሪ በቃል ብቻ የምትነግሩት ብዙ ነገር አለ። እኛ በዚያ ነው የኖርነው፤ ጀርመን አገርም ሄደን በዚያ ነው የምንሠራው። እባካችሁ ጻፉት፤ ወይም አንድ ተማሪ ስልክ ይዞ ይቅዳችሁ።

ሦስተኛው ዛሬ ማታ የሚጀመር ነው። ከዚህ አዳራሽ መውጫ ላይ፣ ቡናው ከሚፈላበት ጎን፣ ረጅም ጠረጴዛ አለ። የሕመምተኛ ምስል የሌለባቸውን የሠራተኞችና የተማሪዎች ፎቶዎች ኮፒ አስነሥቼ ደርድሬያለሁ። ሠላሳ አንድ ናቸው። የብዙዎቹ ሰዎች ስም አይታወቅም። ከየፎቶው ሥር ባዶ ወረቀት፣ አጠገቡ እርሳስ አለ። የምታውቁትን ሰው ስም ጻፉ። ሙሉ ስም ባታስታውሱ የቤት ስሟን፣ የሰፈሯን፣ “የእገሌ እናት” ብላችሁም ጻፉ፤ ከዚያ እንፈልጋታለን። ያንን የፈሳሽ ሠንጠረዥም በትልቁ አሳትሜ ሰቅየዋለሁ፤ የአማርኛውን እጅ ጽሑፍ የምታውቁ ካላችሁ ለዩልን።

የአምስቱ ነርሶች ፎቶ ከግራ በኩል መጀመሪያ ላይ ነው። ከግራ ሁለተኛዋን በደንብ እዩልኝ። በሕይወት ካለች ስልኳን እፈልጋለሁ፤ ላይፕዚግ ውስጥ ስልክ የምትጠብቅ ሴት አለች። ከዚህ ዓለም አልፋ ከሆነም ልጆቿ እናታቸው ምን እንደሠራች፣ ማንን እንዳስተማረች ሊሰሙ ይገባል።

ለመምህራኖቻችን ረጅም ዕድሜና ጤና፣ ለዛሬዎቹ ተማሪዎች ጥንካሬውን ይስጥልን።  ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ እርሳሶቹም ተቀርጸዋል።